የመንግሥት ድጋፍና የበሬ ነገር በሰሃላ

ከሰቆጣ ወደ ምዕራብ ተከዜን ይዞ የሚወርደው የሰሃላ አገር ቆላው የሰፋ፥ ዝናሙ ያነሰ፥ ድንጋዩ የበዛ ነው። በዚህ አገር፥ እንደዚሁም በቀረው የዋግ አውራጃ፥ የሰው ሀብት የሚለካው በበሬ ነው። ጥንድ በሬ ያለው ባላገር መሬቱን በጊዜው ያርሳል። አንድ በሬ ብቻ ያለው አንድ ካለው ጎረቤቱ ጋራ ይቀናጃል፤ መቀናጆውም የሚያርሰው በተራ ስለ ሆነ ዝናሙ ቶሎ ያቆመ እንደ ሆነ ተራው የኋለኛ የሆነው ሰው ይጎዳል። ምንም የሌለው ግን ወይ ጉልበቱን ለባለ በሬው ይሰጣል፥ ወይም መሬቱን ለእኩል ይለቃል። ስለዚህ መንግሥት ለችግረኛው ባላገር ገንዘብ ወይም እህል በሚሰጥበት ጊዜ በቀበሌው ሸንጎ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ፥ «ይህ ሰው ስንት በሬ አለው?» የሚል ነው። ከዚህ አንድ ጥያቄም ብዙ ክርክር ይወለዳል።

የበሬን ነገር ሽማግሎች ከአባቶቻቸው በሰሙት ያውቁታል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም የነበረው ክፉ ቀን የመጣው በከብት በሽታ ነው። በሽታው ለኢጣልያ ወታደሮች በምጽዋ ወደብ ከገባው ከብት ጋራ እንደ መጣ ይታመናል፤ ከኢትዮጵያ ከብት ከ10ው እጅ 9ኙን ያህል ፈጀው። ምድሪቱ ነበረች፥ አራሹም ነበረ፤ ነገር ግን በሬ ስለ ጠፋ ሰው በረኃብ አለቀ። ዳግማዊ ምኒልክም ሕዝቡ በዶማ መቆፈርን እንዳይንቅ ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደ ቆፈሩ ይነገራል። ይህ በሽታ በ2003 ዓ.ም ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ ታውጇል፤ በሰው ጥበብ ከምድር ገጽ የጠፋ የመጀመሪያው የእንስሳት በሽታ እርሱ ነው። በሬ ሲጠፋ ቤት መፍረሱ ግን እንደ ቀድሞው ነው። ዛሬ በሬውን የሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ በሽታ ሳይሆን ገበያ ነው።

አሁን ወደ ድጋፉ እንመለስ። የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የተባለው ሥራ በጥር 1997 ዓ.ም ተጀመረ። ከዚያ በፊት እርዳታ የሚመጣው ረኃብ ከገባ በኋላ፥ በልመናና በጥሪ ነበር፤ ብዙ ጊዜም እህሉ የሚደርሰው ከብቱ ከተሸጠ በኋላ ነው። አዲሱ ሥርዓት ግን በየዓመቱ እህል እንደሚያጥረው የታወቀውን ባላገር አስቀድሞ በመዝገብ ጽፎ፥ በየዓመቱ ለ6 ወር ያህል እንዲከፈለው አደረገ። ገንዘቡን የሚያወጡት የኢትዮጵያ መንግሥት፥ የዓለም ባንክና ሌሎች ለጋሽ መንግሥታት ናቸው። ጉልበት ያለው እርከን በመሥራት፥ ኩሬ በመቆፈር፥ መንገድ በመጥረግ ይሠራል፤ ሽማግሌው፥ አካሉ የደከመው፥ ነፍሰ ጡሯም ያለ ሥራ ይቀበላሉ።

ሒሳቡ ለተማሪዎች ምሳሌ የሚሆን ነው። ለአንድ የቤተ ሰብ አባል በወር የ5 ቀን ሥራ ይታሰባል። በመጀመሪያ የአንድ ቀን ዋጋ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበረ፤ ስለዚህ ለአንድ ነፍስ በወር 30 ብር ወይም 15 ኪሎ ይሆናል። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት 150 ብር ወይም 75 ኪሎ ያገኛል ማለት ነው። ሁለቱ ክፍያዎች እኩል እንዲሆኑ ታስቦ የተሠራ ሒሳብ ነበረ። እኩልነቱ ግን የሚጸናው እህሉ በኩንታል 200 ብር የቆመ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ወደ 400 ብር የወጣ እንደ ሆነ ያው 30 ብር የሚገዛው 7 ኪሎ ተኩል ነው። በ2000 ዓ.ም የሆነውም እንደዚህ ያለ ነገር ነው፤ የእህል ዋጋ በአገሩ ሁሉ እጅግ ናረ፥ የቀኑም ዋጋ ወደ 8 ብር፥ ኋላም ወደ 10 ብር ከፍ ቢል የገበያውን ዋጋ ሊደርስበት አልቻለም። ቀድሞ ገንዘብ የወደደው ባላገር እህል ይሰጠን ማለት ጀመረ። ይህን ሰምቶ ባላገሩ ሐሳቡ አይጸናም የሚል አይጠፋም፤ ሐሳቡ የጸና ነው፥ ያልጸናው ዋጋው ነው።

የጎደለው ገንዘብ ከየት ይሞላል? ከበረት። ይህ ነጥብ ብዙ ጊዜ ሳይታይ የሚታለፍ ነው። ክፍያው አንሶ ወይም ዘግይቶ የመጣ እንደ ሆነ ባላገሩ በመጀመሪያ ፍየሉን፥ ቀጥሎ ጊደሩን፥ በመጨረሻ የሚያርስበትን በሬ ወደ ገበያ ይነዳል። የሚነዳውም እርሱ ብቻ አይደለም፤ በአንድ ድርቅ የተመታው አገር ሁሉ በአንድ ሳምንት ስለሚነዳ ከብቱ ይረክሳል፥ እህሉ ይወደዳል። ለምሳሌ በደኅናው ዓመት አንድ በሬ 10 ኩንታል ማሽላ ይገዛል እንበል፤ በክፉው ዓመት የከሳው ያው በሬ 3 ኩንታል አይገዛ ይሆናል። ድርቁ አልፎ በሬ ልግዛ ያለ ጊዜ ደግሞ ሁሉም ገዢ ሆኖ ያገኘዋል። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም በሰሃላ፥ በዝቋላና በአበርገሌ ድርቅ በጸና ጊዜ ብዙ ከብት በሳርና በውኃ እጦት አለቀ፥ ብዙ ሰውም ከብቱን እየነዳ ከቀዬው ወጣ። በዚያ ላይ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም በነበረው ጦርነት ወደ መቐለ የሚወስደው የከብት መንገድ ተዘግቶ ስለ ነበረ የዋግ ሻጭ አንዱ ገበያ ቀርቶበት ነበር። እንግዲህ የሴፍቲኔት ክፍያ ዋና ጥቅሙ ሰውን ለአንድ ወር ማጥገብ ብቻ አይደለም፤ በሬው ከሞፈር ወደ ቢላዋ እንዳያልፍ ወራት ማትረፍ ነው። በወሩ ያልተከፈለ ክፍያ ኋላ ሙሉ ሆኖ ቢመጣ እንኳ የተሸጠውን በሬ አይመልስም።

ከዚህ ቀጥሎ የመዝገቡ ክርክር ይመጣል። ሕጉ በሀብቱ የተሻለው ሰው ከመዝገብ ወጥቶ ለሌላው ችግረኛ ስፍራ እንዲለቅ ያዝዛል፤ ይህንም መመረቅ ይሉታል። (ሽማግሎች ምርቃት ብለው የሚያውቁት ሌላ ነገር ነው፤ በዚህኛው ምርቃት ግን ከመራቂው በቀር ደስ የሚለው ጥቂት ነው።) ሀብቱ ሲቆጠር ከብቱም ይቆጠራል። ስለዚህ ሁለተኛ በሬ ለመግዛት የቻለ ሰው፥ «በሬውን ብገዛ ከመዝገብ እወጣለሁ፤ በሚመጣው ዓመት ዝናሙ ቢቀር በሬውም ክፍያውም ይቀሩብኛል» እያለ ያመነታል። አንዳንዱም ከብቱን በሩቅ ዘመድ ዘንድ በርቢ ያኖራል፤ ይኸውም ጠባቂው ከወተቱና ከሚወለደው እየተካፈለ የሚይዝለት ውል ነው። ርቢ ጥንታዊና የተፈቀደ ልማድ ነው፥ ቈጣሪን ለመሸሽ የሆነ እንደ ሆነ ግን ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል። ስሙ ያልተጻፈው ድኻ የእነዚያ በሬዎች የማን እንደ ሆኑ ያውቃልና።

በሌላ ወገን፥ ነገሩን የመረመሩ ሊቃውንት ክፍያውን ለ5 ዓመት ያገኙ ቤተ ሰቦች ለአንድ ዓመት ብቻ ካገኙት ይልቅ ከብታቸው በጥቂቱ በዝቶ እንዳገኙት ጽፈዋል። ስለዚህ ክፍያው ባላገሩን ሰነፍ ያደርገዋል የሚለው ሐሜት በአብዛኛው እውነት አይደለም። ክፉው ነገር ችኮላው ነው። የአንድ በሬ ጌታ የሆነ ሰው ሀብታም አይባልም፤ ለአናጢ መጥረቢያው እንደ ሆነ ለገበሬም በሬው መሣሪያው ነው፥ የአናጢንም መጥረቢያ ቈጥሮ ባለጠጋ የሚለው የለም። ቈጣሪዎች የሚያርሰውን በሬ ለይተው፥ ሊደልብ ከታሰረው ሰንጋ ጋራ ባይደባልቁት መልካም ነው። ደግሞም በብድር የተገዛ በሬ አለ። ከአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፥ ዛሬ ጸደይ ባንክ ከሆነው ዘንድ፥ ገንዘብ ወስዶ በሬ የገዛ ሰው በሬው በበረቱ ሲታይ ዕዳው አይታይም፤ ሚዛኑ ላይ የሚወጣው ግን ሁለቱም ነው።

በሬው ከተሸጠ በኋላ የሚሄድበትን መንገድ ማወቅም ይገባል። በአገራችን የበሬ ሥጋ የሚባለው አብዛኛው ብዙ ዘመን ካረሰ በኋላ በገለባ፥ በአገዳና በድርቆሽ ተቀልቦ ከደለበ በሬ የሚገኝ ነው። ለሥጋ ብቻ ተብሎ የሚረባው ጥቂት ነው። ገዢውም በዓል ጠባቂ ነው፤ ለፋሲካ፥ ለገናና ለመስቀል ዋጋው ይወጣል፥ በዐቢይ ጾም ልኳንዳው ይዘጋል። ምእመናን የሚጾሙት በዓመት 180 ቀን ያህል ስለ ሆነ የሥጋ ነጋዴ ሒሳቡን በባሕረ ሐሳብ ይጀምራል ቢባል ሐሰት አይደለም። ይህን የሚያውቅ ባላገር ሰንጋውን ለበዓሉ ዋዜማ ያደርሳል፤ ዕዳ ወይም ረኃብ የያዘው ግን በጾም መካከል ይሸጣል፥ ትርፉንም ለነጋዴው ይለቃል።

በከተማ ያለው በላተኛ ደግሞ የሥጋ ዋጋ ናረብኝ ብሎ ይጮኻል። በ2003 ዓ.ም መንግሥት በብዙ ሸቀጥ ላይ የዋጋ ጣሪያ ባደረገ ጊዜ የበሬ ሥጋም ከነዚያ አንዱ ነበረ፤ ጣሪያው ግን ሰንጋውን አላረከሰውም፥ ከጥቂት ወራት በኋላም ለአብዛኛው ሸቀጥ ተነሣ። በሞጆና በቢሾፍቱ ያሉት የሥጋ ላኪ ቄራዎች በበኩላቸው፥ ከብቱ በቁሙ በመተማ ወደ ሱዳን፥ በምሥራቅም በኩል ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሊያ ጠረፍ በሕግም ያለ ሕግም ስለሚወጣ የምናርደው አጣን ይላሉ። እነርሱ ወደ ዓረብ አገር የሚልኩት በብዛት የበግና የፍየል ሥጋ ነው። ይህን ሁሉ ለማስተካከል የቁም እንስሳት ግብይት ዐዋጅ ቁጥር 819/2006 ወጥቶ አርቢው በታወቀ ገበያ እንዲሸጥ ሥርዓት አድርጓል። ነገር ግን በሰሃላ ቆላ ያለው ሻጭ ሚዛን በሌለበት ገበያ፥ በዓይን ግምትና በደላላ የእጅ ጨዋታ ሲሸጥ፥ የሞጆም የመተማም ዋጋ ወደ ጆሮው አይደርስም።

የከብት ነገር በባዕድ አገርም ያጣላል። በአውሮፓ መንግሥታት ለከብት አርቢ በራስ ቈጥረው ይከፍሉ ነበር፤ ከብት ሲበዛ ክፍያው ስለሚበዛ ብዙዎች ከሣራቸው በላይ አረቡ፤ ስለዚህ ከ2003 እ.ኤ.አ ወዲህ በአብዛኛው ክፍያውን ከከብቱ ቍጥር ለዩት። በአየርላንድ ግን በ2019 እ.ኤ.አ የሰንጋ ዋጋ ስለ ወደቀ ገበሬዎች በበጋው ወራት የቄራዎቹን በር ዘግተው ቆሙ፤ ያወጣነውን ወጪ እንኳ አልመለስንም አሉ። መንግሥት በዚያው ዓመት 100 ሚሊዮን ዩሮ ድጋፍ መደበ፤ ነገር ግን የሚቀበለው ሰው ከከብቱ ፍግ የሚወጣውን ናይትሮጅን በመቶ 5 እንዲቀንስ ውል አስገባው፥ ይህም ለብዙው ከብት መቀነስ ማለት ነው። በመስከረም 2019 እ.ኤ.አ ገበሬዎችና የቄራ ባለቤቶች ተዋዋሉ። እንግዲህ በዚያ አገር ድጋፍ የሚሰጠው ከብት ላለው፥ በእኛ አገር ከብት ለሌለው ነው። ክርክሩ ግን በሁለቱም ዘንድ የሚነሣው ክፍያው ከከብት ቍጥር ጋራ በታሰረበት ቦታ ላይ ነው።

አንድ ነገር ቀርቷል። በሴፍቲኔት ሥራ የሚከለለው ተራራ ከብት እንዳይገባበት ይከለከላል፤ ሳሩና ቍጥቋጦው ተመልሶ አፈሩን እንዲይዝ ነው። ባለ ከብቱም፥ «ለከብቴ ሳር ነፍጋችሁ ለእኔ እህል ሰጣችሁ» ብሎ ያጕረመርማል፤ ቅሬታውም ከንቱ አይደለም፥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ግጦሹ በእርግጥ ይጠብባልና። ሳሩ ካደገ በኋላ እየታጨደ ለየቤቱ በድርሻ የተከፋፈለ እንደ ሆነ ግን ታስሮ የሚቀለብ በሬ ሲንከራተት ከሚውለው ይልቅ ይደልባል። ሳሩ ለተደራጁ ጥቂቶች ብቻ የተሰጠ እንደ ሆነ ወይም በጨረታ የተሸጠ እንደ ሆነ፥ እርከኑን በጉልበቱ የሠራው ድኻ ፍየሉን በሌሊት ማስገባቱ አይቀርም።

በቀበሌው መዝገብ የሚጻፈው ስም በሕዝብ ፊት እንዲነበብ፥ ተበደልሁ የሚልም ወደ ቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ እንዲያመለክት ሥርዓት ተደርጓል። በዚህ ስፍራ የሽማግሌውና የመምህሩ ሥራ ከፍ ያለ ነው። ስሙ ሲነበብ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኽምጥኛም ይነበብ፤ ለእያንዳንዱ ቤት ስንት ነፍስ እንደ ተጻፈም ይነገር። ምክንያቱም ስድስት ነፍስ ላለበት ቤት ለሦስት ብቻ መጻፍና ቀሪውን ለሌላ ማካፈል በብዙ ወረዳ የታየ ነገር ነው። የሚያካፍሉት ሽማግሎች ለርኅራኄ ብለው ነው፤ ነገር ግን 45 ኪሎ ለስድስት ሰው አንድ ወር አያደርስም፥ የጎደለውንም የሚሞላው በበረት የታሰረው በሬ ነው። መምህሩም የተከፈለበትን ቀን፥ በዚያ ሳምንት የነበረውን የማሽላና የበሬ ዋጋ በትምህርት ቤቱ ደብተር ተማሪዎች እንዲጽፉ ቢያደርግ፥ ቅሬታ አቅራቢው ወደ ወረዳ ሲሄድ በእጁ የሚይዘው ቍጥር ይኖረዋል።