«ትልቁን ስጡኝ!» ያለው ሙሽራ
(ለቤት የሚሆን የሞተር መጋዝ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ይቺን አንብቡ)

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፍቅር ሳይሆን ስለ መጋዝ ነው። ፍቅርም አለበት፣ ብቻ ታገሱኝ።

ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ የሚኖር አንድ ወዳጄ ለጥር ሠርግ ቀን ቆርጦ ነበር። ግቢያቸው ውስጥ አባቱ የተከሏቸው ባሕር ዛፎች ስላሉ የድግሱ ማገዶ ከዚያው ይውጣ ተባለ። እሱ ታዲያ ፈላጭ ከመቅጠር ይልቅ እቁብ ሲደርሰው «ዕድሜ ልኬን የሚያገለግለኝ ቼይንሶው እገዛለሁ» ብሎ ተነሳ። ያ በሰንሰለት የሚቆርጠው የሞተር መጋዝ ማለት ነው። እኔንም አስከትሎ ሐረጎን ቁልቁል ወርደን ኮምቦልቻ ገባን።

ሱቅ ገብቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ትልቁን ስጡኝ!» ሰጡት። 58 ሲሲ! ምላሱ (ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅም ብረት እኔ ምላስ ነው የምለው) ከግማሽ ሜትር ይበልጣል። ሻጩ ገመዱን ሁለት ጊዜ ሳብ ሲያደርገው ሞተሩ ተነሳ፤ ወዳጄ ሙሽሪትን ያየ ያህል ፈነደቀ።

ደሴ ስንደርስ ግን መጋዙ ሌላ ሆነ። ያጨሳል፣ ያስላል፣ ይጠፋል። «ሸወዱኝ!» ብሎ ሊመለስ ሲል አንድ የሠፈራችን አንጋፋ መካኒክ ሳቁብን። «ልጆች፣ ሻጩ ምን አጠፋ? ተራራው ነው» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ገደማ ላይ። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ካርቡራተሩ ግን በቆላው ልክ ቤንዚን መስጠቱን ስለሚቀጥል ቤንዚኑ ይበዛና ካንዴላው ይጠቁራል። መካኒኩ ትንሿን ብሎን በካቻቢቴ ነካ ነካ አድርገው አስተካከሉት። «አሁን ደግሞ በዚሁ ልክ ኮምቦልቻ ወስዳችሁ ብታስጨንቁት ቤንዚን ያጥረዋል፤ ይግላል፣ ፒስተኑም ይጣበቃል» ብለው አስጠነቀቁን። ስለዚህ ኮምቦልቻ ያለው ዘመድ «አውሱኝ» ቢል መጋዙ ሳይስተካከል አይሄድም።

የደሴ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ጉልበት እዚህ ሙሉውን አይገኝም። «እንግዲያው ትልቁን መግዛቱ ትክክል ነበራ!» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም! ከጭን ለማይወፍር ግንድ፣ ጉልበቱ ቀንሶም ቢሆን ከ35 እስከ 40 ሲሲ ሞተርና ከ35 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ምላስ ይበቃል። ትልቁን መሸከሙ ራሱ ያደክማል፤ የደከመ እጅ ደግሞ ይስታል።

የወዳጄም እጅ ሳተ። አንድ ቅዳሜ ከትከሻው በላይ ያለ ቅርንጫፍ ሊቆርጥ ሲያነሳው የምላሱ ጫፍ ሌላ እንጨት ነካ። መጋዙ እንደ ደነበረ ፈረስ ወደ ፊቱ ተወረወረ። የጃኬቱ ኮሌታ ተተረተረ፤ አንገቱ ተረፈ። እናቱ «አልሐምዱሊላህ»፣ ጎረቤታችን «ተመስገን» እያሉ ሲያለቅሱ፣ እጮኛው ቀለበቷን እያዞረች «የምትቆርጠው የሠርጉን እንጨት ነው የለቅሶውን?» አለችው። ግቢው ጸጥ አለ።

ለዚህ ነው ሱቅ ስትገቡ ከሲሲው በፊት ፍሬኑን እዩ የምለው። ከፊተኛው መያዣ ፊት ለፊት ያለችው መከላከያ ወደፊት ስትገፋ ሰንሰለቱ ቀጥ ማለት አለበት። ካላለ ጥላችሁ ውጡ! ስትቆርጡ በሁለት እጅ ያዙ፤ ከትከሻ በላይ አታንሱ፤ በጫፉም አትቆርጡ። መነጽር፣ ጓንትና ቦት ጫማ ይኑር፤ ጋቢ ደርቦ መቁረጥማ አይታሰብም።

ቤንዚኑ በዘይት ይደባለቃል፤ መጠኑን መመሪያው ይነግራችኋል። 50 ለ1 ካለ ለአንድ ሊትር 20 ሚሊ ሊትር፣ 25 ለ1 ካለ 40 ነው። ሰንሰለቱም የራሱ ዘይት አለው። በዓመት ሁለቴ ለሚጠቀም ሰው ደግሞ ትልቁ ጠላት የቆየ ቤንዚን ነው፤ ወራት ሲከርም ካርቡራተሩን ይደፍነዋል። ስትጨርሱ አውጡት፤ የቀረውንም ሞተሩ አቃጥሎ ይጥፋ።

የኤሌክትሪኩስ? ለተራራው ደንታ የለውም፣ አያጨስም። ሶኬት ቅርብ ለሆነበት ግቢ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ግን ቀጭን ማስረዘሚያ ገመድ ይግላል፤ መብራት ከጠፋም ቁጭ ነው።

ወዳጄ 58ቱን በኪሳራ ሸጦ 38 ሲሲ ገዛ። ከጎረቤት ቆርቆሮና ከመብራት ሽቦ አጠገብ ያሉትን ዛፎች የሚጥሉት ሙያተኞች ናቸው፤ እሱ መሬት የወደቀውን ብቻ ይከታትፋል። ሠርጉም በጥር ሆነ። የሰንሰለቱን መሳያ ሞረድ የገዛችው ሙሽሪት ነች፤ ሲደንዝም የምትስለው እሷ ናት አሉ።