ከባትሪ እስከ ስፒከር፦ የሐረር መኪኖች ድምፅ በምን ይሠራል?

የጁገል ግንብ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ሲታጠር፣ አምስቱ በሮቹ የተለኩት ለእግረኛና ለጭነት ከብት ነበር። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ዛሬም ያው ናቸው። መኪና እንደልብ የሚገባው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በተከፈተው ሐረር በር በኩል ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ፈረስ መጋላ የሚያወጣው ጎዳና የከተማዋ የድምፅ ገበያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አሮጌ ፔጆ፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ የቤት መኪና፣ ሁሉም የየራሱን ሙዚቃ ከፍቶ ያልፋል። አንዳንዱ ጥርት ያለ ነው፤ አብዛኛው ይንጫጫል። ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱን በስፒከሩ ላይ ያላክካል፣ ከቻለም ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያ ሌላ ገዝቶ ይመጣል። እኔ ግን ከአሥር መኪና በዘጠኙ ወንጀለኛው ሽቦው ነው ባይ ነኝ።

ነገሩ እዚህ ለየት የሚለው መኪኖቹ የአንድ ዘመን ባለመሆናቸው ነው። በሐረር ስም ተለይቶ የሚነሳው ፔጆ 404 በጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ተነድፎ እ.ኤ.አ. በ1960 ለገበያ የቀረበ ነው፤ ፈረንሳይ ውስጥ የቤት መኪናው ምርት ከቆመ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። ያኔ መኪና ውስጥ ድምፅ ማለት አንድ ሬዲዮና ዳሽቦርድ ሥር የተሰቀለ አንድ ስፒከር ነበር። ካሴት ራሱ በፊሊፕስ የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1963፣ መኪናው ከተሠራ በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬ በፔጆ ውስጥ የምናየው ብሉቱዝ ያለው ቴፕ፣ በኋላ መቀመጫ ጀርባ የተደረደሩት ሁለት ሞላላ ስፒከሮች፣ አልፎ አልፎም ከሻንጣው የሚያጓራው ሰብዉፈር፣ ሁሉም መኪናው ሲሠራ ያልታሰበለት ሸክም ነው። የያኔው ዲናሞ የተለካው ለመብራት፣ ለጥሩምባ፣ ለዝናብ መጥረጊያና ባትሪ ለመሙላት ነበር።

ሸክሙ ስንት ነው? በቴፑ ፊት ላይ «50 ዋት × 4» ተብሎ የተጻፈውን አምኖ መነሳት ስህተት ነው። ሞተሩ ሲሠራ በባትሪው ላይ የሚገኘው ቮልት ቢበዛ 14.4 ገደማ ነው። ይህን በራሱ አባዝቶ ለ4 ኦም ስፒከር ማካፈል ወደ 52 ዋት ይሰጣል፤ የሃምሳው ምንጭ ይኸው ነው። ቁጥሩ ግን የሚገኘው ድምፁ ሙሉ በሙሉ ተቆራርጦ ጩኸት ብቻ በሆነበት ሁኔታ ነው። ንጹሕ ሆኖ የሚወጣው በስሌት ከ26 ዋት አይዘልም፣ በተግባር ደግሞ 20 አካባቢ ይቆማል። ከዚህ በላይ የፈለገ ሰው ለብቻው አምፕሊፋየር ማስገባት አለበት። አምፕሊፋየሩ በውስጡ ቮልቱን ስለሚያሳድግ የ14.4ን ጣሪያ ያልፋል፤ ሒሳቡን ግን ከባትሪው በአምፔር ይቀበላል። የድሮው ዓይነት፣ ከሚወስደው ኃይል ግማሽ ያህሉን ሙቀት አድርጎ የሚያባክነው፣ እውነተኛ 400 ዋት ሲያወጣ ከ50 አምፔር በላይ ይጠጣል። ዲ ክላስ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ከ80 በመቶ በላይ ኃይሉን ለስፒከሩ ስለሚያደርስ ለአሮጌ ዲናሞ ይራራል። በፔጆ ላይ የድሮውን ዓይነት ትልቅ አምፕሊፋየር የሚሰቅል ሰው ማታ መብራቱ ከከበሮው እኩል ሲጠቅስ ያያል።

አሁን ወደ ሽቦው እንምጣ። ባትሪው ከፊት ኮፈን ሥር፣ አምፕሊፋየሩ ሻንጣ ውስጥ ከሆነ በመካከሉ አምስት ሜትር ገመድ አለ። ከኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር በርካሽ የሚገኘው ለቤት ሶኬት የሚዘረጋው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ነው፤ ብዙ መኪና ውስጥም የሚገኘው እሱ ነው። በዚህ ሽቦ 30 አምፔር ሲያልፍ በአምስት ሜትር ላይ ብቻ 1 ቮልት ይጠፋል። የጠፋው ሽቦውን ያሞቃል እንጂ ስፒከሩን አያንቀሳቅስም። በ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ኪሳራው 0.65 ቮልት፣ በ10 ካሬ ደግሞ 0.26 ገደማ ይሆናል። ይህ እንግዲህ ሽቦው ንጹሕ መዳብ ሲሆን ነው። በውብ ላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ወፍራም መስሎ፣ «የአምፕሊፋየር ገመድ» ተብሎ በጥቅል ከሚሸጠው ብዙው ውስጡ አልሙኒየም ሆኖ ላዩን መዳብ የተቀባ ነው፤ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙም ከመዳብ ሁለት ሦስተኛ አይደርስም። ጫፉን በቢላ ፋቅ ማድረግ ይበቃል፤ ነጭ ከወጣ አልሙኒየም ነው። ሻጩ ቢቆጣም መፋቅ ነው።

ፊውዝ የሚገባው ለአምፕሊፋየሩ ሳይሆን ለሽቦው ሲባል ነው። ቦታውም ባትሪው አጠገብ፣ ከ45 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ ነው። አምፕሊፋየሩ ላይ የተሰካው ፊውዝ ከመሃል የሚነሳውን እሳት አይከላከልም። ገመዱ ከሞተር ክፍል ወደ ውስጥ የሚያልፍበት የቆርቆሮ ቀዳዳ የጎማ ቀለበት ከሌለው፣ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ንዝረት ላስቲኩ ቀስ በቀስ ይበላል። 12 ቮልት ሰው አይገድልም፤ ነገር ግን ከቆርቆሮ ጋር በቀጥታ የተገናኘ ባትሪ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይለቃል፣ መኪናም ያቃጥላል። በናስትሮ ብቻ ጠቅልሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ናስትሮ ግን በሙቀት ሙጫው ይቀልጣል፣ ይላቀቃልም።

ኔጋቲቩ ከፖዘቲቩ እኩል ክብር ይገባዋል፤ ማንም አይሰጠውም እንጂ። ሃምሳ ዓመት ደጋግሞ ቀለም የተቀባ የፔጆ ወለል ላይ በአንዲት ብሎን የታሰረ ኔጋቲቭ፣ ቀለሙና ዝገቱ እስከ ብረቱ ካልተፋቀ፣ የታሰረ መስሎ ያልታሰረ ነው። ጋዝ ሲሰጥ አብሮ የሚያፏጨው ድምፅም አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ የሚመጣ ነው። ቴፑና አምፕሊፋየሩ ኔጋቲቫቸውን ከተራራቀና ከተለያየ ቦታ ሲወስዱ፣ የዲናሞው ጩኸት በመካከላቸው ባለው የሙዚቃ ገመድ በኩል መንገድ ያገኛል። የሙዚቃውን ገመድ ከኃይል ገመዱ ለይቶ በሌላው የመኪና ጎን ማሳለፍም ለዚሁ ይረዳል። ማጣሪያ የሚሉትን ዕቃ ከመግዛት በፊት ካቻቢቴና የብርጭቆ ወረቀት መሞከር ይሻላል። ማረጋገጥ የፈለገ ድምፁን ከፍ አድርጎ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን በአምፕሊፋየሩ ኔጋቲቭ ላይ ያኑር፤ ከግማሽ ቮልት በላይ ከታየ እሥሩ ደካማ ነው።

ሌላው አሮጌ መኪናን የሚመለከት ወጥመድ ይህ ነው። በቀድሞዎቹ ሬዲዮዎች የስፒከሩ አንድ እግር ከመኪናው አካል ጋር ይታሰር ነበርና፣ ወደ ሬዲዮው የሚመለሰው አንድ ሽቦ ብቻ ነው። የዛሬ ቴፕ ግን ሁለቱንም የስፒከር ሽቦዎች በባትሪው ቮልት ግማሽ ላይ ይዞ ተቃራኒ አቅጣጫ እየገፋ ነው የሚሠራው። ከሁለቱ አንዱ እንኳ አካሉን ከነካ ዕድለኛው ራሱን ያጠፋል፣ ርካሹ ይቃጠላል። በአሮጌ መኪና ላይ የድሮውን የስፒከር ሽቦ ትቶ ለእያንዳንዱ ስፒከር ሁለት አዲስ ሽቦ መዘርጋት የግድ ነው፤ እዚህ ላይ ቁጠባ አይሠራም።

ቶዮታ ላይ ወጥመዱ በቀለም ነው። ከገበያ በሚገዛ ቴፕ ቢጫው ሽቦ ሁልጊዜ ኃይል ያለው፣ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ኃይል የሚያገኘው፣ ጥቁሩ ኔጋቲቭ፣ ነጭ መስመር ያለው ሰማያዊ ደግሞ አምፕሊፋየሩን የሚያስነሳው ነው። በብዙ ቶዮታ የፋብሪካ ሶኬት ግን ቢጫው የኋላ ግራ ስፒከር ኔጋቲቭ፣ ቀዩ የኋላ ቀኝ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩም የኋላ ግራ ፖዘቲቭ ነው፤ የመኪናው ኔጋቲቭ ቡናማ ነው። ቀለም ከቀለም አገናኝቶ የጠቀለለ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ጭስ ያያል። ሶኬቱን ቆርጦ ከመጠቅለል ለቶዮታ የተሠራውን መሸጋገሪያ ሶኬት መግዛት ከአንድ ቴፕ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው።

ስለ ኦም ብዙ ይወራል፣ ነገሩ ግን አጭር ነው። ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከሮች ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ ሲታሰሩ 2 ኦም ይሆናሉ፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ሲያልፍ 8። ኦሙ ሲቀንስ አምፕሊፋየሩ የሚሰጠው ኃይል ይጨምራል፣ ሙቀቱም እንዲሁ። ቴፕ ከ4 ኦም በታች አይጫንበትም። ባለ ሁለት ጥቅል ሰብዉፈር፣ እያንዳንዱ 4 ኦም ከሆነ፣ እንደ አስተሳሰሩ 2 ወይም 8 እንጂ 4 አይሰጥም፤ ሰው ይህን የሚያውቀው ከገዛ በኋላ ነው። በቴስተር ሲለካ ባለ 4 ኦም ስፒከር ከ3 እስከ 3.6 ቢያሳይ ደንግጦ መመለስ አያስፈልግም፣ ጤነኛ ነው።

አንዱ ስፒከር በተገላቢጦሽ ከታሰረ ባሱ ይሞታል፤ አንዱ አየር ሲገፋ ሌላው ይስባልና። ለማጣራት አንድ የባትሪ ድንጋይ ይበቃል። የድንጋዩን ፖዘቲቭ ለአፍታ ወደ ስፒከሩ ፖዘቲቭ ሲነኩት ወረቀቱ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ከፍተኛውን ድምፅ የምታሰማው ትንሿ ትዊተርም ኮንደንሰር ሳይገባላት በቀጥታ መታሰር የለባትም። ለ4 ኦም ትዊተር 10 ማይክሮ ፋራድ ከ4,000 ኸርዝ በታች ያለውን እየቀነሰ ያስቀርላታል።

ባጃጅን ለብቻው ማንሳት ያሻል፤ ባትሪው ትንሽ፣ ኃይል አመንጪው ደካማ፣ ጎኑም ክፍት ነው። እዚህ ዋት መጨመር አያዋጣም። ኃይልን እጥፍ ማድረግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ «እጥፍ ሆነ» ለማለት ደግሞ 10 እጥፍ ያህል ኃይል ያስፈልጋል። በሌላ በኩል 87 ዴሲቤል ተብሎ ከተጻፈበት ስፒከር ይልቅ 93 የተጻፈበትን መምረጥ ያለ አንድ ተጨማሪ አምፔር ኃይልን በአራት ከማባዛት ጋር እኩል ነው። ለባጃጅም ለፔጆም ከሁሉ የሚበልጠው ምክር ይህ ይመስለኛል፣ ግን ካርቶኑ ላይ ዋቱ በትልቁ፣ ዴሲቤሉ በጥቃቅን ስለሚጻፍ ገዢ አያየውም።

ይህ ሁሉ ድምፅ የሚወጣው ደግሞ በድንጋይ ግንብ መካከል ነው። የጁገል መተላለፊያዎች ጠባብ፣ ግድግዳቸውም ድምፅ የማይውጥ ነው፤ መስጊዶቹም የተቀራረቡ ናቸው። በአዛን ሰዓት ድምፅ መቀነስ ሕግ ሳይጠቅሱ የሚጠበቅ ጨዋነት ነው። ሕጉም ቢሆን አለ፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም ይመለከታል፣ ለመኖሪያ ሰፈር የወጣው ደረጃም ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። አንድ ሰብዉፈር ያለው መኪና በዚህ ወሰን ውስጥ ሆኖ በመኖሪያ ሰፈር ያልፋል ብዬ አላምንም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ መኪና ላይ ድምፅ የመግጠሙ ሥራ መልኩን እየለወጠ ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ዲናሞ የለም፤ ትልቁ ባትሪ በመቀየሪያ አማካይነት ትንሿን የ12 ቮልት ባትሪ ይሞላል። አምፕሊፋየሩ የሚታሰረው ከዚያችው ትንሽ ባትሪ ነው፣ ብርቱካንማ ገመድ ግን ከቶ አይነካም፤ በውስጡ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት አለና። ቴፑም ከማያ ገጹ፣ ማያ ገጹም ከማቀዝቀዣውና ከኋላ ካሜራው ጋር ስለተሳሰረ አውጥቶ ሌላ መተካት አይታሰብም። የቀረው መንገድ ከፋብሪካው የስፒከር ሽቦ ላይ ምልክቱን ወስዶ፣ እንዲህ ያለውን ግብዓት ለሚቀበል አምፕሊፋየር መስጠት ነው።