ላንድክሩዘር ሲነሳ ከፍ የሚለው ምኑ ነው?



ከመካከላችን አባቱ ወይም አጎቱ አሮጌ ላንድክሩዘር ያለው ጥቂት አይደለም። ክረምት ሲቃረብ «ባሌስትራውን እናስነሳው፣ ጎማውንም በትልቅ እንቀይረው» የሚል ሐሳብ ቤት ውስጥ ይነሳል፤ ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጅም ይጠየቃል። ገንዘቡ የቤተሰብ ነው፣ ተሳፋሪውም አማና ነውና ከመመለሳችን በፊት ነገሩን እንረዳው።

ባሌስትራ ሲነሳ ከፍ የሚለው ሻሲውና ቦዲው ብቻ ነው። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመረተው፣ በአገራችን ገጠር የምናውቀው ባለ 70 ላንድክሩዘር፣ ዲፈረንሻሉ ከፊትም ከኋላም በጎማዎቹ መካከል ከአክሱ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ነው። ድንጋይ የሚመታው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እሱን ነው። እሱን ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው፤ ያውም በግማሽ። 7.50 አር 16 ጎማ ቁመቱ 81 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ255/85 አር 16 ቢቀየር 84 ይሆናል። ለዚያ ሁሉ ወጪ ከዲፈረንሻሉ ሥር የምናተርፈው 1.5 ሴንቲ ሜትር ነው።

ኪሳራው ግን በዚህ አያበቃም። የፍጥነት ቆጣሪው 80 ሲል መኪናው 83 እየሄደ ነው። ይህስ ቀላሉ ነው። ትልቅ ጎማ በየማርሹ ላይ የሞተሩን ሸክም ይጨምራል። 3000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው አሮጌ ናፍጣ ሞተር በለጋምቦ ደጋ ላይ ድሮውንም ትንፋሽ ያጥረዋል። በሁለተኛ ይወጣ የነበረውን ዳገት አሁን አንደኛ ይጠይቃል። ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ ሲወረድ ደግሞ ሞተሩ መኪናውን የሚይዝበት ኃይል ይቀንሳል፤ ሥራው ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፣ ፍሬኑም ይግላል። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይኸ ነው።

ማስነሳቱም የራሱ ጣጣ አለው። ከ5 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ የትራስሚሲዮኑ ክሮቸራ ከልኩ በላይ ይጣመማል፣ አሞርዛተሩና የፍሬን ጎማ ቱቦው ያጥራሉ፣ መሪውም ይቅበዘበዛል። ለዒድ ወደየገጠራችን ስንገባ ጣራው ላይ እህልና ሻንጣ ተከምሮ፣ መኪናው ጎን ለጎን ባዘነበለ መንገድ ሲያልፍ አስቡት። ክብደቱ ከፍ ባለ ቁጥር ለመገልበጥ ይቀርባል። ባሌስትራው ላይ ተጨማሪ ብረት መደረብም መፍትሔ አይደለም፤ ባዶውን ሲሄድ ይዘላል፣ ጎማውም መሬት መያዙን ያጣል።

ታዲያ ምን ይደረግ? «ዝቅ ብሏል» የሚባለው አሮጌ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ባሌስትራው ደክሞ ነው። በአዲስ ሲተካ ወደ ፋብሪካ ቁመቱ ይመለሳል፤ ለእኛ መንገድ በቂ ነው። ለዋልካ ጭቃም ጠባብ ጎማ ከሰፊው ይሻላል፤ ጭቃውን ቆርጦ ከሥር ያለውን ጠንካራ መሬት ያገኛልና። 235/85 አር 16 ከ7.50ው ጋር ቁመቱ እኩል ስለሆነ ሌላ ነገር አያስነካም።

ሰፋ ያለ ጎማ የግድ ከሆነ፣ ከመክፈላችሁ በፊት አንዱን የፊት ጎማ ድንጋይ ላይ አውጥታችሁ መሪውን በሁለቱም በኩል እስከ መጨረሻው አዙሩ። ጎማው ፓራፋንጎውን ከነካ ወይም የፍሬን ቱቦው ከተወጠረ አይሆንም። ያገለገለ ጎማ የምትገዙም የጎኑን ጽሑፍ አንብቡ፤ መጨረሻ ላይ 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው።