የልጁ ክብደት ሲጨምር ደስ አይበለን?

አንዲት የአምደወርቅ እናት «የእህቴ ልጅ በደም ካንሰር የተነሳ ባሕር ማዶ መቅኔ ተተክሎለት ዳነ ብለን እልል ስንል፣ አሁን ደግሞ ጉበቱን ታመመ አሉን። ካንሰሩ ዞሮበት ይሆን?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ያነበብኩትንና የጠየቅኩትን ላካፍላችሁ።

እናቴ፣ የግድ ካንሰሩ ዞረ ማለት አይደለም። አዲሱ ስቴም ሴል ከመሰጠቱ በፊት አሮጌውን መቅኔ የሚያጠፋ ከባድ መድኃኒት፣ አንዳንዴም ጨረር ይሰጣል። ይሄ መድኃኒት ወዳጅና ጠላት አይለይም። በጉበት ውስጥ ያሉትን ረቂቅ የደም ሥሮች ከውስጥ ይልጣቸዋል። የተላጠው ሥሩን ይደፍነዋል፤ ደለል እንደሞላው የመስኖ ቦይ ማለት ነው። ደሙ መውጫ ሲያጣ ጉበቱ ያብጣል፣ በቀኝ ጎን ያማል፣ ሆድ ውኃ ይቋጥራል። ነርሶቹ ልጁን በየቀኑ የሚመዝኑት ለዚህ ነው፤ ድንገት ኪሎ ከጨመረ ውፍረት ሳይሆን ውኃ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት ነው። በሕፃናት ግን ዘግይቶም ይመጣል፣ ዓይንም ላይቢጫ ይችላል። ቀላሉ በእንክብካቤ ይድናል፤ ከባዱ ኩላሊትና ሳንባን ጨምሮ ይገድላል። ለከባዱ ዲፊብሮታይድ የሚባል መድኃኒት በአውሮፓ በ2013፣ በአሜሪካ በ2016 እ.ኤ.አ. ተፈቅዷል፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። እህትዎ ሐኪሙን «ክብደቱ ስንት ገባ? ሆዱስ?» ብላ በየቀኑ ትጠይቅ።

ታዲያ ይሄ የባሕር ማዶ ሰው በሽታ ብቻ አይምሰላችሁ። እነዚሁን የጉበት ሥሮች የሚደፍን መርዝ በአንዳንድ አረሞች ውስጥም አለ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የጃማይካ ሕፃናት የቅጠል ሻይ እየጠጡ በዚህ ታመዋል። በጎረቤታችን በትግራይ፣ ታሕታይ ቆራሮ ወረዳ ደግሞ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆድ የሚነፋ የጉበት በሽታ ብዙ ሰው ፈጅቷል። ተመራማሪዎች አጀራተም የሚባል አረም ከእህል ጋር ተቀላቅሎ መገኘቱን ጠቁመዋል። እንክርዳድ ራስ እንደሚያዞር እናውቃለን፤ ይሄኛው ግን ሳያዞር ነው ጉበት የሚበላው።

እናም እመቤቶች፣ እህሉን በሰፌድ አበጥራችሁ፣ ለቅማችሁ አስፈጩ። አረሙን ፍሬ ሳይዝ ከማሳው ንቀሉት። ምንነቱን የማታውቁትን ሥርና ቅጠል ቀቅላችሁ ለሕፃን አታጠጡ። ሆዱ የተነፋውን ልጅ ደግሞ ዓይኑ ቢጫ እስኪሆን ሳትጠብቁ ጤና ጣቢያ አድርሱት፤ ምን ሲበላና ምን ሲጠጣ እንደሰነበተም ሳትደብቁ ንገሯቸው።