ዘርን የሚወስነው ቅጽ

የሰው ዘር የሚባለው ክፍፍል እውነት አለ ወይስ የለም የሚለው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ለሳይንቲስቶች ይተዋል። አንዱ ወገን የዘረመል ተመራማሪው ሪቻርድ ሌዎንቲን እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣውን ስሌት ይጠቅሳል፤ ከሰው ልጅ የዘረመል ልዩነት 85 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ሰዎች መካከል ነው፣ ዘር በሚባሉት ትልልቅ ክፍሎች መካከል ያለው 6 በመቶ ገደማ ብቻ። ሌላው ወገን የስታቲስቲክስ ምሁሩ ኤድዋርድስ በ2003 የጻፈውን መልስ ያነሳል፤ ብዙ የዘረመል ነጥቦች አንድ ላይ ከታዩ የአንድ ሰው ቅድመ አያቶች ከየት አካባቢ እንደመጡ መገመት ይቻላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ይሁንና በተግባር የሰው ዘር የሚለየው ቅጽ ሲሞላ ነው፤ ከክርክሩ ሁሉ ትኩረት የተነፈገውም ይኸው ነው።

ፑንጃብ ተወልዶ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካን የወታደር ልብስ የለበሰው ባጋት ሲንግ ቲንድ ዜግነት ሲጠይቅ፣ ሕጉ በሩን የሚከፍተው ለነጭና ለአፍሪካ ተወላጅ ብቻ ነበር። የዘመኑ ምሁራን ሕንዶችን ከካውካሳውያን ይመድቧቸው ስለነበር ቲንድ ይህንኑ ይዞ ተከራከረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1923 ምሁራኑን ወደ ጎን ትቶ ተራው ሰው «ነጭ» ሲል የሚረዳውን ተቀበለ፤ ቲንድ ተረታ። ያው ፍርድ ቤት ከጥቂት ወራት በፊት ጃፓናዊውን ታካኦ ኦዛዋን የመለሰው ግን ካውካሳዊ አይደለም ብሎ ነው! ቲንድ በ1936 ዜግነት አገኘ፣ ያውም በዘማችነቱ። በ1970ው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ የሕንድ ተወላጆች ነጭ ተብለው ተቆጠሩ። በ1980ው፣ ማኅበሮቻቸው ስለወተወቱ፣ ኤዥያዊ ሆኑ።

ዛሬም የሚሠራበት ክፍፍል መሠረቱ የአሜሪካ መንግሥት የበጀት ቢሮ በ1977 ያወጣው መመሪያ ነው። መመሪያው ራሱ ምድቦቹ ሳይንሳዊ ተደርገው እንዳይወሰዱ ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያውን ያስታወሰ ግን ጥቂት ነው። በዚያ ስሌት ከካይሮ የመጣ ሰው ነጭ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ጥቁር ነበር። ለመካከለኛው ምሥራቅና ለሰሜን አፍሪካ የራሱ ሳጥን የተፈቀደው በ2024 ነው። የኢትዮጵያውያን ነገር ደግሞ ከዚህም ይገርማል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ብሉመንባህ የሰውን ልጅ አምስት ቦታ ሲከፍል ለአፍሪካ ጥቁሮች የሰጠው ስም «ኢትዮጵያዊ» ነበር፤ ተከታዮቹ የአውሮፓ ምሁራን ግን ኢትዮጵያውያኑን ራሳቸውን «ሐማውያን» ብለው ወደ ነጭ አስጠጓቸው። የ2020ው የቆጠራ ቅጽ በጥቁር ሳጥን ሥር ኢትዮጵያዊን በምሳሌነት ዘርዝሯል።

ይህ ሁሉ የወረቀት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ሆስፒታል ሲገባ ግን ጨዋታነቱ ያበቃል።

የኩላሊት አቅም የሚገመተው ኩላሊት ከሚያጣራውና በደም ውስጥ ካለው ክሬአቲኒን ከተባለ ቆሻሻ ተነስቶ በቀመር ነው። በ2009 የወጣውና በሰፊው የተሠራበት ቀመር ታካሚው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን በ1.159 ያባዛ ነበር፤ በጥናቶቹ የተካተቱ ጥቁር አሜሪካውያን፣ ኩላሊታቸው እኩል እየሠራ፣ በአማካይ ከፍ ያለ ክሬአቲኒን ስለታየባቸው። አማካዩ የጥናቱ ተሳታፊዎች ነው፤ የሚባዛው ግን የሁሉም ነበር፣ የሚሲሲፒው ገበሬም ሆነ ከጎንደር ሄዶ ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳው። በአሜሪካ የኩላሊት እጥበት ላልጀመረ አዋቂ ለኩላሊት ንቅለ ተከላ የወረፋ ጊዜ የሚቆጠረው ልኬቱ 20 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው። ያለ ማባዣው 18 የሚመጣለት ሰው፣ ጥቁር የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ካለ፣ ወደ 21 ይጠጋ ነበር። ወረፋው አይጀምርለትም ነበር። ለዚህ ክፉ ሐኪም አያስፈልግም ነበር፤ ማሽኑ አባዝቶ ያትም ነበር።

በ2021 ዘርን የማይጠይቅ ቀመር ወጣ። እንግዲያው ሳጥኑን ከየቦታው መሰረዝ ነዋ? ፈረንሳይ በመርህ ደረጃ ዜጎቿን በዘር አትቆጥርም፤ አድልዎ ግን አልጠፋላትም፣ መጠኑን ማሳየት ነው የከበደው። በአሜሪካ ጥቁሮች ከሕዝቡ 13 በመቶ ያህል ሆነው ኩላሊታቸው ሥራ ካቆመባቸው ሰዎች ግን ሲሶ ገደማ መሆናቸው የታወቀው በዚያው ሳጥን ነው። ጉዳትን መቁጠርና የአንድን ሰው ሰውነት መለካት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ጥፋቱ ለመጀመሪያው የተሠራው ቅጽ ማንም ሳይጠይቅ ለሁለተኛው መዋሉ ይመስላል።

ከ2023 ጀምሮ የንቅለ ተከላ ማዕከላት የቆዩ መዝገቦችን እየፈተሹ በአሮጌው ቀመር ወደ ኋላ ለቀሩት የወረፋ ጊዜያቸውን እንዲመልሱላቸው ታዘዙ። እስከ 2024 የመጀመሪያ ወራት ድረስ ከ14,000 በላይ ሰዎች ተክሰዋል፣ በአማካይ ሁለት ዓመት ገደማ። ማን እንደሚካስ የተለየው ግን መዝገቡ ላይ «ጥቁር» የሚለው ምልክት እየታየ ነው።