ሳይጮኹበት የሚታዘዝ ልጅ

ቡና ሲደርስ በካፋ ዞን እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ የለም። ከጥቅምት ጀምሮ በቦንጋ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ቤተሰቡ ሲነጋ ወደ ለቀማው ይወርዳል፤ የተለቀመው እሸት ቡና ሳይሻግት መሰጣት፣ ደመና ሲያንዣብብ መሸፈን አለበት። ደክሞ ቤት ሲገባ ደግሞ ውኃ አልተቀዳም፣ ልጁ ጨዋታ ላይ ነው። እናት በስሙ ትጠራዋለች። ትደግማለች። «ስንት ጊዜ ልንገርህ? ጆሮ የለህም?» ይከተላል። በመጨረሻ ሰፈሩ እስኪሰማ ትጮኻለች፤ ልጁም ብድግ ይላል።

የሚያሳስተው ብድግ ማለቱ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄራልድ ፓተርሰን በቤተሰብ ውስጥ የሚነሳ ጭቅጭቅን ለዓመታት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ወላጅና ልጅ ሳያውቁት አንዱ ሌላውን ያስለምዳል። ልጁ የመጀመሪያዎቹን ጥሪዎች ቢያልፋቸው ምንም እንደማይመጣበት ይማራል፤ እናት ደግሞ ነገሩን የሚቋጨው ጩኸት ብቻ እንደሆነ ትማራለች። በማግስቱ ጨዋታው የሚጀምረው ካቆመበት ነው፤ ልጁ ጩኸቱ እስኪመጣ ይጠብቃል።

ጆናታን ፍሪድማን የተባለ ሌላ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣው ሙከራ ጉዳዩን ከሌላ በኩል ያሳያል። የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የሆኑ ወንዶች ልጆች በባትሪ የሚንቀሳቀስ ማራኪ ሮቦት እንዳይነኩ ተከለከሉ፤ ገሚሶቹ በከባድ ዛቻ፣ ገሚሶቹ ለስለስ ባለ ቃል። በዕለቱ ሁለቱም ወገኖች ከሞላ ጎደል ታዘዙ። ከሳምንታት በኋላ ሌላ ሰው አሻንጉሊቶቹን ሲያቀርብላቸው ግን ዛቻ ከደረሰባቸው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በሮቦቱ ተጫወቱ፤ በለስላሳ ቃል ከተከለከሉት ሲሶ የማይሞሉት ብቻ ነበሩ። የተዛተበት ልጅ «የተውኩት ፈርቼ ነው» ይላል፤ የሚያስፈራው ሰው ከሌለ የመተው ምክንያቱም የለም። ያልተዛተበት ግን የራሱን ምክንያት ይፈልጋል፤ ያ ምክንያት አብሮት ይከርማል። በእኛም አገር «አያ ጅቦ መጣልህ» ተብሎ ዝም የተሰኘ ልጅ፣ ጅቡ እንደማይመጣ በተረዳ ዕለት ዝም የሚልበት ምክንያት ያጣል።

ሰው ሲያንባርቅበት የልጅ ሰውነት ለአደጋ ይዘጋጃል። ልቡ በኃይል ይመታል፣ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖች ይለቀቃሉ፣ ነገር የሚያመዛዝነው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ይዳከማል። «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ተብሎ ሲጮኽበት አፉ የሚተሳሰረው ስላልገባው ወይም ስለናቀ አይደለም።

ጉዳቱ በጎረምሶችም ላይ ታይቷል። ሚንግ-ቴ ዋንግ እና ሣራ ኬኒ 976 የአሜሪካ ቤተሰቦችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ በ13 ዓመታቸው የሚጮኽባቸውና የሚሰደቡ ልጆች በቀጣዩ ዓመት ረብሻቸውም ድባቴያቸውም ጨምሮ ተገኝቷል። ወላጁ በሌላው ጊዜ ፍቅር የሚያሳይ መሆኑ እንኳ ጉዳቱን አላቀለለውም።

ታዲያ ትብብር ከየት ይመጣል? ከልጁ ከራሱ። እ.ኤ.አ. በ2006 ፊሊክስ ቫርነከን እና ማይክል ቶማሴሎ በጀርመኗ ላይፕዚግ 24 የዓመት ከመንፈቅ ሕፃናትን ፈተኑ፤ አንድ የማያውቁት ሰው ዕቃ ወድቆበት ሊደርስበት ሲያቅተው ወይም እጁ ሞልቶ ቁም ሳጥን መክፈት ሲሳነው 22ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሳይጠየቁ ረድተውታል።

ይህን ዝንባሌ የሚያሳድግ ሥራ በካፋ ቤት ሞልቷል። ቡና ሲፈላ ጎረቤት እንዲጠራ የሚላከው ልጅ ብዙ ጊዜ ሳያንገራግር ይሮጣል፤ እሱ ስለጠራ ሰው ሲመጣ ያያልና። ለቀማ ላይም እንዲሁ ነው። እናት ቅርንጫፉን ዝቅ አድርጋ ይዛ፣ ቀዩን ፍሬ በሁለት ጣቶቿ ጠምዘዝ አድርጋ ስትነቅልና አጠገቡ ያለውን አረንጓዴ ስትተወው፣ «ጥሬው ጣዕሙን ያበላሻል፣ ዋጋም ያወርድብናል» ብላ ትንሽ ቅርጫት ብትሰጠው፣ የስድስት ዓመት ልጅ ፍሬ እየመረጠ መልቀሙን እንደ ቁም ነገር ይይዘዋል። ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ቀኑን ሙሉ ማሰማራት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያ ትብብር ሳይሆን ጉልበቱን መበዝበዝ ነው።

የአጠራሩም ነገር ለውጥ ያመጣል። ጨዋታ ውስጥ የጠለቀ ልጅ ከሩቅ የተጠራበትን ድምፅ እውነትም ላይሰማ ይችላል፤ ቀርቦ ትከሻውን መንካት፣ ዝቅ ብሎ ዓይኑን ማየትና አንድ ነገር ብቻ ማዘዝ ይበልጥ ያዋጣል። «ይህ ዙር ሲያልቅ ውኃ ትቀዳለህ» ብሎ አስቀድሞ ማሳወቅ ከጨዋታው ድንገት ከመንጠቅ ይሻላል። ሲጨርስም በደፈናው «ጎበዝ» ከማለት «ጀሪካኑን ሞልተህ ስላመጣህ ራት ቶሎ ደረሰ» ማለት ምን እንደጠቀመ ያሳየዋል። ከረሜላ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ቫርነከንና ቶማሴሎ እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሳዩት፣ በረዱ ቁጥር ሽልማት የተሰጣቸው ሕፃናት ሽልማቱ ሲቀር የመርዳት ፍላጎታቸው ቀንሷል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። በቤት ውስጥ ያለው ጩኸት ግን ከሕጉ ይልቅ በወላጅ እጅ ያለ ጉዳይ ነው።

ጩኸት የለመደ ልጅ ጩኸቱ ሲቀር ወዲያው አይለወጥም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲያውም ሊብስበት ይችላል፤ የለመደው ምልክት ስለጠፋበት ድንበሩ የት እንደሆነ ይፈትናል። ወላጅ በዚያ ሰሞን ታክቶት ተመልሶ ከጮኸ፣ ልጁ የሚማረው ከቀድሞው ረዘም አድርጎ እምቢ ማለትን ነው። ድምፁን ሳይለውጥ ያንኑ ትእዛዝ ደግሞ፣ ልጁ እስኪነሳ አጠገቡ ከቆመ ግን የሚያስነሳው ነገር ጩኸት መሆኑ ቀስ በቀስ ይቀራል።