«አየሁ» እና «አሉ»፤ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ስለ ቃል ዋስ

በዚህች አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የፈለግነው፥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው መኪና ከሰው ጋራ ሲነጻጸር የሚጐድለው ምን እንደ ሆነ ነው። (መኪና ስንል እንደ ጽሕፈት መኪናና እንደ ስፌት መኪና ያለውን ማለታችን ነው።) ነገሩ በሌላ አገር ብዙ ተጽፎበታል፤ እኛ ግን የምናውቀው ቆቦንና የራያን ቆላ ስለ ሆነ ምሳሌያችንን ከዚያ እናመጣለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ በ1950 ባወጣው ጽሑፍ መኪና ማሰብ ይችል እንደ ሆነ ሲመረምር፥ መፈተኛውን በንግግር ላይ አደረገው። ጠያቂው በጽሑፍ ብቻ እያነጋገረ ሰውየውን ከመኪናው ለመለየት ካልቻለ፥ መኪናው ፈተናውን አለፈ ይባላል። ዛሬ ይህ ፈተና ብዙ የሚያስጨንቅ አይደለም። በአገራችንም ቢሆን ሥራው እንግዳ አልሆነም፤ አይኮግ ላብስ የተባለው ድርጅት በ2013 በአዲስ አበባ ተመሥርቷል፤ መንግሥትም በ2020 ለዚሁ ሥራ ራሱን የቻለ ማዕከል አቁሟል። በራያ ቆላ ገበያ የሚሰሙት ቋንቋዎች ሁሉ ወደ ጉግል መተርጐሚያ ገብተዋል፤ አማርኛ በ2016፥ ትግርኛና ኦሮምኛ በ2022፥ አፋርኛ በ2024። አንድ የራያ ሰው ባንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሦስቱን ሲያቀላቅል መኪናው ምን እንደሚያደርግ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

እንግዲህ መናገር ብቻውን ሰውን የሚለይ ምልክት መሆኑ ከቀረ ሌላ ምልክት መፈለግ ግድ ይሆናል። ለዚህም ከቆቦ በስተምሥራቅ የዞብልን ተራራ ተሻግረን የአፋርን ወንድሞቻችንን ልማድ እንመልከት።

ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ሰላምታ ብቻ ተለዋውጠው አይተላለፉም። ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ይህም «ዳጉ» ይባላል። የት እንደ ዘነበ፥ የት ሣር እንዳለ፥ ማን እንደ ሞተ፥ የትኛው መንገድ እንደሚያሰጋ አንዱ ይናገራል፥ ሌላውም ይጠይቃል። በዳጉ ዋናው ነገር ወሬው ብቻ አይደለም፤ ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሌላ ከሰማው ለይቶ መናገር አለበት፤ የሰማውንም ከማን እንደ ሰማ ይጠየቃል። ሐሰት ያወራ ሰው በኋላ ይታወቅበታል፤ በጐሣው ፊት ያፍራል፥ በባህላዊውም ሕግ ይቀጣል። ውኃ አለ ሲባል ከብቱን ነድቶ የሄደ ሰው ደረቅ ጕድጓድ ቢያገኝ የሚጠፋው መንጋው ነውና፥ ይህ ጥንቃቄ አይበዛበትም።

ይህ ልማድ የአፋር ብቻ ይመስለን ነበር። ነገር ግን በ2021 ጦርነቱ ቆቦ ደርሶ ስልክ ሲቋረጥ፥ እኛ ያን ጊዜ በአዲስ አበባ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርንና፥ ያው ነገር በራሳችን ቤት ሲደረግ አየነው። በ2022ም ተደገመ። ከቆቦ በእግር የወጣ ሰው አዲስ አበባ ገባ በተባለ ቍጥር የአገሩ ልጆች ሁሉ ወዳረፈበት ቤት ይሄዱ ነበር። አንዲት እናት ልጇን ስትጠይቅ የሰማነውን አንረሳውም።

«ወንድሜ፥ በዓይንህ አየኸው ወይስ ሰማህ?»

«እናቴ፥ አልዋሽሽም፤ በዓይኔ አላየሁትም። ደኅና ነው አሉ።»

«ማን አለ?»

«ጐረቤታችሁ ነው፤ ውኃ ሲቀዳ አይቶታል።»

ሴትዮዋ ያለቀሰችው ይህን የመጨረሻውን ቃል ከሰማች በኋላ ነው። «ደኅና ነው አሉ» የሚለውን ቀድሞ ከብዙ ሰው ሰምታ ነበር፤ አላሳረፋትም።

አማርኛችን ለዚህ ጕዳይ የተለየች ቃል አለችው። «ዝናብ ዘነበ» ያለ ሰው ራሱን ምስክር አድርጓል፤ «ዝናብ ዘነበ አሉ» ያለ ሰው ግን ምስክርነቱን ለሌላ ትቷል። ሕፃን ልጅ እንኳ ይህን ያውቃል።

አሁን ወደ መኪናው እንመለስ። ይህ መኪና የተሠራው እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተሰጥቶት፥ ከአንድ ቃል በኋላ የትኛው ቃል ሊከተል እንደሚችል በሒሳብ እንዲገምት ሆኖ ነው። የጐርፍ ጠለፋ ሲሠራ ቆሞ አላየም፤ ማሽላ አልቀመሰም። ስለ ቆቦ የሚያውቀው ሁሉ ሌሎች የጻፉት ነው፤ በእኛ አነጋገር ያለው ሁሉ «አሉ» ነው። የሚናገረው ግን በ«ነው» ነው! እኛም ስለ አካባቢያችን የውኃ ተራ አንዱን መኪና ጠይቀን፥ የሌለ ወንዝ ስም በሙሉ ልብ ሰጠን። እንዲህ ያለ ወንዝ የለም ብንለው በትሕትና ይቅርታ ጠይቆ ሌላ የሌለ ወንዝ ጨመረልን። ሳቅን፤ ነገር ግን ጠያቂው አገሩን የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

መምህራኖቻችን እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ያነሡብን ይሆናል። አንደኛው፥ ሰውስ አይዋሽምን የሚል ነው። ይዋሻል፤ ግን ሲዋሽ የሚያጣው ነገር አለው፤ ስም አለው፥ ዘመድ አለው፥ ነገ የሚመለስበት ገበያ አለው። ሁለተኛው፥ መኪናው ምንጩን እንዲጠቅስ ማድረግ ይቻላል የሚል ነው። እውነት ነው፥ ይቻላል። ነገር ግን ምንጭና ዋስ አንድ አይደሉም። በቀድሞው ሙግት ባለጕዳዩ ዋስ ጥራ ሲባል መጽሐፍ አልነበረም የሚጠራው፤ ነገሩ ሲበላሽ በእርሱ ፈንታ የሚያዝ ሰው ነበር። በራያ ቆቦም በደም የተቃቃሩትን የሚያስታርቁት የዘወልድ ሽማግሌዎች የሚተማመኑት በመሐላ ነው፤ የሚምለውም የሚሞት ሰው ነው።

የውጭ አገር ዳኞችም በዚሁ መንገድ መሄዳቸው የሚያስደንቅ ነው። በ2023 በኒው ዮርክ ሁለት ጠበቆች ቻት ጂፒቲ የፈጠራቸውን፥ ከቶ ያልነበሩ ፍርዶች ጠቅሰው ለፍርድ ቤት አቀረቡ፤ ዳኛው ጠበቆቹንና ቢሯቸውን 5,000 ዶላር ቀጣ፤ መኪናውን የጠየቀ የለም። በ2024 ደግሞ በካናዳ አንድ መንገደኛ ከአየር መንገዱ መልስ ሰጪ መኪና ስለ ቲኬት የተሳሳተ ቃል ተነግሮት ቢከስ፥ አየር መንገዱ መኪናው ለራሱ ቃል ራሱ ኀላፊ ነው የሚል ክርክር አመጣ። ጉባኤው አልተቀበለውም፤ ገንዘቡን የከፈለው አየር መንገዱ ነው። ቆቦ ገበያ ላይ ቢሆንም ፍርዱ ከዚህ የተለየ አይሆንም ነበር ብለን እናምናለን።

እኛ የምናየው ችግር ወደ ፊት ነው። መኪናው አፋርኛም አማርኛም ስለሚናገር፥ የጐርፍ ወይም የከብት በሽታ ማስጠንቀቂያ በእርሱ አማካይነት ለቆላው ሕዝብ ይነገር ማለት አይቀርም፤ ነገሩም ሊጠቅም ይችላል። ታዲያ ቃሉ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ እረኛው ማንን ይዞ ይጠይቃል? ይህን ለመመርመር አስቀድሞ የራያና የአፋር ሽማግሌዎች ያየውን ከሰማው የሚለዩባቸው ቃላት በየቋንቋቸው መሰብሰብ አለባቸው። በሚመጣው ክረምት ወደ ቆቦ ስንወርድ ሥራውን ከዚያ እንጀምራለን፤ አፋርኛ የሚያውቅ ጓደኛ ቢኖር አብሮን እንዲሄድ እንለምናለን።